ሌሊቱን ማንጋት፦ ያኒን በላትቪያ ወግ ለማክበር ዝርዝር መመሪያ

አማቴ ቤት መጀመሪያ የገባሁት ሰኔ 16 ቀን ነበር። ከላትቪያ ዋና ከተማ ከሪጋ አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስነዳ ገጠር ነው። ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ስል ወለሉ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ረጅም አረንጓዴ ቅጠል፣ ከበሩ እስከ ማዕድ ቤቱ። ረገጥ ሳደርገው ሽታው አወደኝ። ተክሉ የእኛ ቄጠማ አይደለም። ካልሜስ ይሉታል፤ ውኃ ዳር ነው የሚበቅለው፤ ሽታውም ጠንከር ይላል። እግሬ ግን የት እንደገባ ያወቀ መሰለኝ። ዓመት በዓል ቤት ነበርኩ።

በዓሉ ያኒ ነው፤ ላትቪያውያን በሰኔ ፀሐይን የሚያከብሩበት። ዋዜማው ሊጎ ይባላል። ከዚያ ወዲህ አንድም ዓመት አላለፈኝም። ሰሜን አውሮፓ ያሉ ወዳጆቼ ሰኔ በመጣ ቁጥር ይደውሉልኛል። ጎረቤት ጠርቷቸው ምን ይዘው እንደሚሄዱ የጨነቃቸው አሉ። ራሳቸው ማክበር የሚፈልጉም አሉ። ለሁሉም የምነግረውን እዚህ ላስፍረው።

መጀመሪያ ስለ አንድ ቃል። "አረማዊ" የሚለው በአማርኛ ከስድብ ስለሚቆጠር አልጠቀምበትም። የጥንቱን የላትቪያ እምነት የሚከተሉትን ፓጋን እላለሁ። እነሱ ራሳቸውን ዲዬቭቱሪ ይላሉ፤ "ዲዬቭስን የያዙ" እንደማለት ነው። ዲዬቭስ የሰማዩ አምላክ ነው። ማራ የምድር እናት ናት። ላይማ ዕድልን ትወስናለች። ፀሐይ ሳውሌ ትባላለች፤ ሴት ናት። እኛ "ፀሐይ ወጣች" እንደምንለው ማለት ነው። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ ስለ ሳውሌ ሲሰማ ብዙም አይደናገር።

እምነቱ በዛሬው መልኩ የተደራጀው በ1925 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ያደራጁት ኤርነስትስ ብራስቲንሽና ካርሊስ ብሬግዢስ ናቸው። ምንጫቸው ዳይና የሚባሉት የሕዝብ ግጥሞች ነበሩ፤ አብዛኞቹ አራት መስመር ብቻ ናቸው። ክሪሽያኒስ ባሮንስ የሚባል ሰው እነዚህን በትንንሽ ወረቀት ላይ አስፍሮ በቁም ሳጥን መሳቢያ ያደራጃቸው ነበር። ያ ቁም ሳጥን ከ200,000 በላይ ግጥም ይዟል። በ2001 ዩኔስኮ በዓለም የትውስታ መዝገብ አስፍሮታል። ብራስቲንሽን ግን ሶቪየቶች አሰሩት፤ በ1942 ረሸኑት። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያኒን በአደባባይ ማክበር ራሱ ክልክል ነበር። ሕዝቡ ጓሮ ውስጥ፣ ጫካ ውስጥ ማክበሩን አልተወም። የበዓሉን አይብም መሥራት አልተወም። ዛሬ የዲዬቭቱሪ ሰዎች ዳውጋቫ ወንዝ ላይ ባለች ደሴት የራሳቸው መቅደስ አላቸው። ሎክስቴኔ ይባላል። የተከፈተው በ2017 ነው።

ቀኑን ምረጡ

ሁለት ምርጫ አላችሁ። ፀሐይ ወደ ሰሜን የምታደርገውን ጉዞ ጨርሳ የምትመለስበት ቀን እንደ ዓመቱ ሰኔ 13 ወይም 14 ላይ ይውላል። በላትቪያኛ ሳውልግሪዢ ይሉታል፤ የፀሐይ መዞሪያ ማለት ነው። ብዙ ፓጋኖች በዚህ ቀን ያከብራሉ። አገሩ በሙሉ የሚያከብረው ደግሞ ሰኔ 16 ማታና ሰኔ 17 ነው። ሁለቱም ቀን ሥራ ዝግ ነው። ሪጋ ጭር ትላለች።

ያኒ የሚለው ስም ከያኒስ የመጣ ነው፤ ያኒስ ዮሐንስ ነው። ቤተ ክርስቲያን የዮሐንስን ልደት በዚህ ቀን ስላደረገችው ስሙ ተደርቦበታል። እኛም ቅዱስ ዮሐንስን መስከረም 1 ስናከብር ዋዜማውን ችቦ እናበራለን። እሳትና ዮሐንስ እንዲህ በሁለት አገር መገናኘታቸው ሁሌም ደስ ይለኛል።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው የበዓሉ ትርጉም ወዲያው ላይገባው ይችላል። እዚያ በዚህ ቀን የቀኑ ርዝመት 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ነው። ከታኅሣሥ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በዚያ ላይ ክረምቱ ገብቶ ሰማዩ ጠቁሯል። ሪጋ ግን ቀኑ 18 ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ደቂቃ ነው የሚቀረው። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ 7 ሰዓት አይሞላም። ያንን ጨለማ ችሎ ያለፈ ሰው ፀሐይን ቆሞ ቢሸኛት፣ ቆሞ ቢቀበላት አይገርምም።

የአካባቢያችሁን የፀሐይ መጥለቂያና መውጫ ሰዓት አሁኑኑ ጻፉ። ሪጋ ላይ ፀሐይ ከምሽቱ 4፡22 ገደማ ትጠልቃለች፤ ከሌሊቱ 10፡29 ገደማ ትወጣለች። መካከል ያለው ስድስት ሰዓት ነው። የሌሊቱ ዕቅድ ሁሉ በእነዚህ ሁለት ሰዓቶች ላይ ይቆማል።

ሁለት ቀን ሲቀረው፦ አይቡ

ያለ አይብ ያኒ የለም። ክብ ነው፤ ቢጫ ነው፤ ፀሐይን ይመስላል። ከሱቅ መግዛት ይቻላል። ግን እባካችሁ ሥሩት። አንድ ሰዓት ነው የሚፈጀው።

የሚያስፈልገው፦ 1 ኪሎ ደረቅ ያለ የላትቪያ አይብ፣ 3 ሊትር ያልተቀነሰ ወተት፣ 100 ግራም ቅቤ፣ 3 እንቁላል፣ 2 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ካራዌይ። ካራዌይ ከሙን የሚመስል ፍሬ ነው። ጣዕሙ ግን ይለያል፤ ከሙን አትተኩበት። የላትቪያውን አይብ ካጣችሁ የፖላንድና የሩሲያ ሱቆች ትቫሮግ ወይም ትቮሮግ ብለው ይሸጡታል። ደረቁን ምረጡ። የጀርመኑ ኳርክ ውኃ ይበዛበታል።

በእኛ አይብ ሞክሬው ነበር። አልተያያዘልኝም። የእኛ አይብ አንዴ በእሳት የወጣ ስለሆነ ሁለተኛ አይቀልጥም፤ ፍርፍር ብሎ ይቀራል።

ወተቱን አሙቁት፤ ሊፈላ ሲል፣ ዳር ዳሩ አረፋ ሲያወጣ፣ አይቡን ፈርፍራችሁ ጨምሩ። እሳቱን ቀንሱና በእንጨት ማማሰያ ቀስ እያላችሁ አማስሉ። አሥር ደቂቃ ገደማ ሲሆነው አጓቱ ይለያል። ነጭ ከሆነ ገና ነው። ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ጥርት ያለ ቢጫ ሲሆን ደርሷል። ንጹሕ ሻሽ ማጥለያ ላይ ዘርግታችሁ አጥልሉት። አጓቱን አትድፉት፤ ዳቦ ይቦካበታል።

አሁን ወፍራም ድስት ውስጥ ቅቤውን አቅልጡ። ትኩሱን አይብ ገልብጡበት። የተመታውን እንቁላል፣ ጨውና ካራዌይ ጨምሩ። እዚህ ላይ ክንድ ያስፈልጋል። በትንሽ እሳት ሳታቋርጡ አማስሉ። መጀመሪያ እህል እህል ይላል። ከዚያ ይለሰልሳል። ቀጥሎ ያብለጨልጫል፤ ከድስቱ ጎን እየለቀቀ ማማሰያውን ተከትሎ ይሳባል። ያኔ አውጡት። ሻሹ ላይ አድርጋችሁ አራቱን ጫፍ ሰብስቡና ጥብቅ አድርጋችሁ ቋጥሩ። ሁለት ጣውላ መካከል አድርጋችሁ ድንጋይ ጫኑበት። ቀዝቃዛ ቦታ ይደር።

በማግሥቱ ሻሹን ስትፈቱ ቋጠሮው የነበረበት ቦታ ላይ መስመሮች ታያላችሁ። ከመሐል ተነሥተው ወደ ዳር ይሄዳሉ፤ የፀሐይ ጨረር ይመስላሉ። አማቴ መጀመሪያ ሲያሳዩኝ በጣታቸው አንድ በአንድ እየተከተሉ ነው።

ሐበሻ እንግዳ ከጠራችሁ ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ የሰኔ ጾም ላይ ይውላል። ለጿሚ ጥቁር የራይ ዳቦ፣ እንጉዳይና ኪያር አዘጋጁ። ፒራጊ የሚባለው ትንሽ ዳቦ ደግሞ ውስጡ የአሳማ ሥጋ ነው። አስቀድማችሁ ለእንግዳው ንገሩት። መጠጡ ቢራ ነው። ገጠር ውስጥ እንደ ጠላችን በቤት የሚጠምቁ አሁንም አሉ፤ ብቅሉ ገብስ ነው፤ በጌሾ ፋንታ ሆፕስ ይገባል። ለማይጠጣ ክቫስ የሚባለው የዳቦ መጠጥ ይሆናል።

ዋዜማው ጠዋት፦ ቅጠልና አበባ

ሪጋ ላሉ ከሊጎ በፊት ዶማ አደባባይ የቅጠልና የአበባ ገበያ ይቆማል። የሚያምር ገበያ ነው። ቢሆንም ራሳችሁ ብትለቅሙ ይሻላል፤ ግማሹ በዓል ሜዳ ላይ ነው ያለው።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛው መዥገር ነው። ላትቪያ ውስጥ የአንጎል እብጠት የሚያመጣ በሽታ ያስተላልፋል። ረጅም ሱሪ ልበሱ፤ ጫፉን ካልሲ ውስጥ ክተቱ፤ ስትመለሱ ሰውነታችሁን ፈትሹ። ሁለተኛው ላትቫኒስ የሚባል ተክል ነው። ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ነጭ አበባው የተዘረጋ ጃንጥላ ይመስላል። ፈሳሹ ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ካገኘው ክፉኛ ያቃጥላል። በሶቪየት ዘመን ለከብት መኖ ተብሎ ገብቶ ነው አገር የወረሰው። ራስ ላይ ለሚደረገው ጉንጉን የሚያምር መስሏችሁ እንዳትነኩት። ልጆችንም አስጠንቅቁ።

የሴቶች ጉንጉን ከሜዳ አበባ ነው፦ ዴዚ፣ ማገጥ፣ እህል ማሳ ውስጥ የሚበቅለው ሰማያዊ አበባ፣ ያገኛችሁትን ሁሉ። አዋቂዎች ሦስት ጊዜ ዘጠኝ፣ 27 ዓይነት ተክል ይሁን ይላሉ። የወንዶቹ ከኦክ ዛፍ ቅጠል ነው። ኦክ የእነሱ የክብር ዛፍ ነው።

ጉንጉኑ ሹሩባ መሥራት ለሚያውቅ ሰው ቀላል ነው። ሦስት ረጃጅም አገዳ ይዛችሁ ጀምሩ። በያንዳንዱ እጥፋት አንድ አዲስ አበባ ደርቡ፤ አገዳውን ከነባሩ ጋር አብራችሁ ጎንጉኑ። አገዳው ከአንድ ስንዝር እንዳያጥር። ራሳችሁን ለክታችሁ አራት ጣት ሲተርፍ ጫፍና ጫፉን ደራርባችሁ በሳር እሰሩ። ሽቦ አትጠቀሙ፤ ኋላ እሳት ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። ከዚያ ውኃ ርጩበትና ጥላ ሥር አስቀምጡት።

ቤቱን በበርች ቅርንጫፍ አስጊጡ። በሩ ላይ የሮዋን ቅርንጫፍ፣ ሳማና እሾህ ይደረጋል፤ ክፉ እንዳይገባ ነው። ወለሉን እንዴት እንደምትጎዘጉዙ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ፦ እሳቱ

ሕጉ አንድ ነው። እሳቱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይለኮሳል፤ እስክትወጣ ድረስ አይጠፋም። ሳውሌ በሌለችበት ስድስት ሰዓት ብርሃኑን የሚጠብቀው እሳቱ ነው። ለዚህ ነው ከፍ ያለ ቦታ የሚመረጠው። ብርሃኑ የደረሰበት ማሳ ሁሉ ዘንድሮ ያፈራል ይባላል። አንዳንዶች ረጅም እንጨት ጫፍ ላይም እሳት ይሰቅላሉ።

ደመራ ያየ ሰው ትልቅ ክምር ሊሠራ ይቸኩላል። ተዉት። ደመራ በአንድ ጊዜ ነድዶ ይወድቃል፤ ይሄ ግን ሌሊቱን ሙሉ መኖር አለበት። ስለዚህ ትንሽ አንድዱና ደረቅ እንጨት በሦስት ቦታ ከፍላችሁ አስቀምጡ፤ ለምሽት፣ ለእኩለ ሌሊት፣ ለንጋት። የንጋቱን ክፍል ማንም እንዳይነካው። አንድ ዓመት በጭፈራ ሙቀት ሁሉንም እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት አነደድነው። ከዚያ በጨለማ ጫካ ገብተን እርጥብ እንጨት ስንጎትት አነጋን። ሁለት ባልዲ ውኃና አካፋ አጠገባችሁ ይኑር። ያለ ፈቃድ እሳት በማይነድበት ቦታ ካላችሁ ወይም ፎቅ ላይ ከሆናችሁ አንድ ወፍራም ሻማ በመስታወት ውስጥ ይበቃል። እሱም ቢሆን እስኪነጋ አይጥፋ፤ ሰው ይጠብቀው።

ፀሐይ አድማሱን ስትነካ ሁሉም ወደ እሷ ዞሮ ይቆማል። ይዘፈናል፤ ትሸኛለች። ከዚያ የቤቱ እናትና አባት ከአይቡ የመጀመሪያውን ቁራሽ፣ ከቢራው የመጀመሪያውን ጉንጭ ለእሳቱ ይሰጣሉ። ያለፈው ዓመት የደረቀ ጉንጉን የሚቃጠለውም በዚህ ምሽት ነው። ቅጠሉ ሲንኮሻኮሽ ሁሉም ዝም ይላል። እዚህ ላይ ቃል አይፈለግም። በልባችሁ የያዛችሁት ካለ አብራችሁ ስጡት።

ዘፈኑ

መመሪያዬን አንብባችሁ አንድ ነገር ብቻ የምታደርጉ ከሆነ ይሄንን አድርጉ። ዝፈኑ። በስልክ አታስዘፍኑ፤ ራሳችሁ ዝፈኑ።

አሠራሩን ሐበሻ ሳይማር ያውቀዋል። አንድ ሰው መስመሩን ያወጣል። ሌላው ይደግመዋል። የቀሩት አንድ ድምፅ ይዘው ይጎትታሉ። በየመስመሩ መጨረሻ "ሊጎ፣ ሊጎ" ይባላል። ላትቪያኛ ባታውቁ እንኳ "ሊጎ"ን መቀበል ትችላላችሁ። እኔ የመጀመሪያውን ሌሊት ሙሉ እሷን ብቻ ነው የዘፈንኩት፤ ምንም አልጎደለብኝም።

ዋዜማው ላይ ዘፋኞቹ በቡድን ከቤት ወደ ቤት ይሄዳሉ። የያኒስ ልጆች ይባላሉ። በር ላይ ቆመው ቤቱን ያወድሳሉ። ባለቤቶቹ አይብና ቢራ ይሰጧቸዋል። ሆያ ሆዬ ነው! ሙልሙሉ አይብ ሆነ እንጂ ሌላው ያው ነው። ከዚያ መሰዳደብ ይመጣል፤ አንዱ ቡድን ሌላውን በዘፈን ይነካል፣ ያኛውም በዘፈን ይመልሳል። ሰነፍ የተባለው፣ ጓሮው በአረም የተሞላው፣ ያላገባው ሁሉ ይነሣል። በዚያ ሌሊት የተባለ ነገር ቂም አይያዝበትም። አማቴ አንድ ዓመት ስለ እኔ የእንጨት አፈላለጥ አራት መስመር አወጡ። ሰው ሁሉ "ሊጎ" ብሎ ተቀበለ። ቤተሰብ የሆንኩት ያን ጊዜ ይመስለኛል።

ላትቪያ ያልሆናችሁ፣ ዘፋኝ የሌላችሁ፣ በምታውቁት ዜማ በራሳችሁ ቋንቋ ሁለት ሁለት መስመር አውጡ። አንዱ ስለ ፀሐይ ይሁን፤ ሌላው ስለ ጎረቤታችሁ።

ሌሊቱ

ከእኩለ ሌሊት በኋላ እሳቱ ዝቅ ሲል ይዘለላል። ጥንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይዘላሉ፤ እጃቸው ካልተላቀቀ አብረው ይኖራሉ ይባላል። ሰፊ ቀሚስ ሰብሰብ ይደረግ። የጠጣ ሰው አይዝለል። ያላገቡ ጉንጉናቸውን ወደ ኦክ ዛፍ ይወረውራሉ፤ ቅርንጫፍ ላይ እስኪያርፍ የወረወሩት ብዛት እስኪያገቡ የቀረው ዓመት ነው።

ፈርን የሚባለውን ቅጠላም የጫካ ተክል አበባ ፍለጋ ጫካ የሚገቡም አሉ። ፈርን አበባ የለውም። ይሄን ሁሉም ያውቃል፤ ግን ጥንዶቹ ይሄዳሉ። አትከተሏቸው።

ከባዱ ሰዓት ከሌሊቱ 8 እስከ 9 ተኩል ያለው ነው። ብርድ ይገባል፤ ጤዛ ይወርዳል፤ ወሬ ያልቃል። በያኒ ሌሊት የተኛ በጋውን ሙሉ ሲተኛ ይኖራል ይላሉ። ወፍራም ሹራብና ደረቅ ካልሲ ለዚህ ሰዓት አስቀምጡ። እኔ በፔርሙዝ ቡና ይዤ እሄዳለሁ፤ አሁን ሰዉ ሁሉ 8 ሰዓት ሲሆን እኔን ነው የሚፈልገኝ። ትንንሽ ልጆች እሳቱ አጠገብ ብርድ ልብስ ውስጥ ያሸልቡ፤ ፀሐይ ስትወጣ ግን ቀስቅሷቸው። ካልተቀሰቀሱ ጠዋት የሚያለቅሱት ልቅሶ አይቻልም።

ንጋት

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ሰማዩ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ይቀላል። ወደ ምሥራቅ ቀጥታ አትዩ፤ በዚህ ቀን ወደ ሰሜን ብዙ ገብታ ነው የምትወጣው። ቦታውን በቀን ለይታችሁ ያዙ። የንጋቱን እንጨት አሁን ጨምሩ።

ጫማችሁን አውልቁ። በባዶ እግር ሳሩ ላይ ሂዱ። ጤዛውን በእጃችሁ ሰብስባችሁ ፊታችሁን ታጠቡ። በጣም ይቀዘቅዛል፤ እንቅልፉ በአንዴ ይለቃል። ከዚያ ዞራችሁ ቁሙ። ስትወጣ ዘፈኑ ይነሣል፤ ድምፁ ሌሊቱን ስለለፋ ሻካራ ነው። ያ ሻካራ ድምፅ ከማምሻው ይልቅ ይጥመኛል።

የቀረው አይብ ተቆርሶ ይበላል። እሳቱ ራሱ ይብረድ፤ ኋላ ውኃ አፍስሱበት፤ አመዱን ነክታችሁ መቀዝቀዙን አረጋግጡ። ያነጋ ሰው መኪና አይንዳ። ባይጠጣም አይንዳ፤ ሁለት ሦስት ሰዓት ይተኛ።

ጉንጉኑን አትጣሉት። በር በላይ፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ስቀሉት። እስከ ሚቀጥለው ሰኔ 16 እዚያው ይድረቅ። ካልሜሱንም ቶሎ አትጥረጉት። አማቴ ቤት ሦስት ቀን ይቆያል፤ እየደረቀ ሲሄድ ሽታው ይብሳል።